የሟች ወላጅ ደብዳቤዎች እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ከአያት ሰፈር አንጻር

የኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ደብዳቤን አይንቅም፤ የሚያከብረው ግን የነገሥታቱን ነው። ስቬን ሩቤንሰን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አክታ ኢትዮፒካ» በሚል ርእስ ያሳተማቸው ጥራዞች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታትና መሳፍንት የተጻጻፉትን በጥንቃቄ አደራጅተዋል። ከአንዲት እናት ሣጥን የወጣ ጥቅል እንዲህ ያለ አርታኢ የለውም። አርባዋ ወጥቶ ልብሷ ለዘመድና ለነዳያን ሲታደል፣ ደብዳቤው ከመብራት ደረሰኝ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል።

የአዲስ አበባው አያት ሰፈር ቤቶች ነገሩን ያወሳስቡታል። ሰፈሩ በሪል እስቴት ቪላዎችና በኮንዶሚኒየም የተስፋፋው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ነው፤ የከተማው ቀላል ባቡርም የደረሰው በ2008 ዓ.ም. ነው። እናም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከቤቱ በዕድሜ ይበልጣል። ፖስታ ቤት ለቤት ይታደል ስላልነበረ፣ በፖስታው ላይ የሚነበበው የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ ከይዘቱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ዕቃው ከመሀል ከተማ ወደ አያት ሲታሸግ ደብዳቤውን ማን መርጦ አመጣው፣ ምንስ ተጣለ የሚለው ነው። በ1969 ዓ.ም. በደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ጊዜ ብዙ ሰው የተጻፈ ወረቀት ሁሉ አስፈርቶት አቃጥሏል። በጥቅሉ መሀል የሁለት ዓመት ክፍተት ካለ፣ አልተጻጻፉም ብሎ መደምደም አይቻልም።

ወራሾች ዘለው የሚያልፉት ሰላምታ ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ከወሬው ይበልጣል። «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የተለመደ ቀመር ነው፤ ቀመሩን ተከትሎ የሚደረደረው የስም ዝርዝር ግን የቤቱ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። ማን ቀድሞ ተጠራ? በእትዬና በጋሼ የተጠራው ማን ነው? ባለፈው ደብዳቤ «ሳሙልኝ» የተባለላት ሕፃን በሚቀጥለው ካልተጠቀሰች፣ ጸሐፊው መርዶ ደርሶት ሊሆን ይችላል። የተኳረፉ ወንድማማቾችም የሚታወቁት አንዱ ከሰላምታው ሲጎድል ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ግን ደብዳቤዎቹ በተራቸው ሲነበቡ ብቻ ነው፤ ጥቅሉን ለልጆች ማስታወሻ ብሎ መከፋፈል ምንጩን ያጠፋዋል።

የእጅ ጽሑፉም ይመረመር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ እናቶች የሚልኩትን ቃል የሚጽፍላቸው ተማሪ ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ምሥጢር ቢጎድለው አይገርምም፤ በሦስተኛ ሰው ጆሮ አልፏል። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ከአስመራ በቀይ መስቀል በኩል የመጣ ወረቀትም እንዲሁ ነው፦ ክፍት ነበር፣ የሚፈቀደውም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነበር።

የሕጉ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 31፣ ምሥጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል። ወረቀቱ ለወራሽ ቢያልፍም፣ ተቀባይዋ ራሷ ያልነበራት የመግለጽ መብት ለልጆቿ እንዴት ይተላለፋል? ጥቅሉን ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መስጠት የሚያስብ ቤተሰብ፣ በሕይወት ያሉትን ጸሐፊዎች አስቀድሞ ፈልጎ ቢያስፈቅድ ይሻላል፤ ከእነሱ ዘንድ የእናቲቱ መልሶች ሊገኙ ይችላሉና።