ኮሶና ደብረ ታቦር

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚረግፍ፣ አበባው ቀልቶ በዘለላ የሚንጠለጠል አንድ የዱር ዛፍ አለ፤ ስሙም ኮሶ ነው። ምሬቱ ከአፍ አልፎ ወደ ንግግራችን ስለ ገባ፣ መራራ ነገር ሁሉ «እንደ ኮሶ» ይባላል። የዚህ ዛፍ ታሪክ ግን ከምሬቱ ይልቅ ሊታወስ ይገባው ነበር።

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው የኮሶ ትል ስለማያጣው፣ መኰንኑም ገበሬውም በየጊዜው የእንስቲቱን ዛፍ አበባ አስደቍሶ፣ በውሃ ወይም በጠላ አስበጥብጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር። በዚያ ቀን «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ በሩን አያንኳኳም፤ ባለጉዳይም ይመለሳል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ይህን ልማድ ተመልክቶ ስለ ዛፉ ጻፈ፤ አበባውም በኋላ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደረሰ።

የሚያስደንቀው፣ ሁሉ የሚጠጣውን ኮሶ መሸጥ እንደ ነውር መቈጠሩ ነው። የካሣ ኃይሉ እናት ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ዘመን ኮሶ ሸጠዋል ይባል ስለ ነበር፣ ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ» ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። ነገር ግን ድል ሆኖ ተማረከ፤ ካሣም ያንኑ ኮሶ አስጠጡት ተብሎ ይተረካል። የተሰደቡትም ልጅ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አደረጉ፤ በአጠገቡም በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ።

ዛሬ ሐኪም የሚያዘው ክኒን ኮሶን ተክቶታል። ኮሶ ያለ መጠን ሲጠጣ ሰውን ይጎዳ ስለ ነበር፣ ይህ ለጤና መልካም ሆነ፤ ዛፉ ግን ጠባቂ አጣ። አበባው ሲፈለግ ዛፉ ቆሞ ይኖር ነበር፤ ቀዩ እንጨቱ ሲፈለግ ግን ዛፉ ይወድቃል።

በደቡብ ጎንደር የጥንቱ ደን ቅሪት በይበልጥ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ይህ ሁሉ ከመጥረቢያ የተረፈው አባቶች ስፍራውን ስለ አከበሩት ነው።

እንግዲህ ለልጆቻችን የኮሶን ስም በስድብነቱ ብቻ ከማውረስ፣ ዛፉን አሳይተን ታሪኩን ብንነግራቸው ይሻላል። የሚተክልም ሰው ወንዴውና እንስቲቱ በየዛፋቸው የተለያዩ መሆናቸውን ዐውቆ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ዘር እንዳይቀርበት ከአንድ በላይ ይትከል። ኮሶ ሻጯን የናቀ ዘመን ልጃቸውን ንጉሠ ነገሥት ብሎ ለመቀበል በቅቷል፤ ዛፉን የናቅነው እኛ ግን ከተቈረጠ በኋላ ብናከብረው ምን ይጠቅመዋል?