«የቤተሰብ ሳይንስ»፦ የኦምዱርማን ልጃገረዶች አድማና የአንድ ትምህርት ስያሜ

ከካርቱም የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግሮ በሚገኘው በኦምዱርማን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ፥ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አድማ መቱ። አስተዳደሩ የሳይንስን ትምህርት ሰርዞ በምትኩ «የቤተሰብ ሳይንስ» እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። አድማውን የመራችው ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም ናት፤ በሱዳንም የመጀመሪያው የሴቶች አድማ ይባላል። ተማሪዎቹ ረቱ።

ነገሩ ያለ መነሻ የመጣ አልነበረም። የማህዲ ጦር አባል የነበሩት ሼኽ ባቢክር በድሪ በ1907 በሩፋዓ፥ በገዛ ቤታቸው፥ ዘጠኝ የራሳቸውንና ስምንት የጎረቤት ሴቶች ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ሲጀምሩ፥ የእንግሊዝ ሹማምንት ነገሩን በሥጋት ነበር የተመለከቱት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሴት ልጅ ትማር ወይስ አትማር ከሚለው አልፎ ምን ትማር ወደሚለው ተሸጋገረ።

የቋንቋ አጥኚን የሚስበው ስያሜው ነው። በዐረብኛ የትምህርት ቤት አነጋገር ሳይንስ «ዑሉም» ይባላል፤ ዕውቀት ማለት የሆነው የ«ዒልም» ብዙ ቁጥር ነው። የአማርኛው «ባልትና» ስሙ ራሱ ጓዳን ስለሚያስታውስ ማንም ከፊዚክስ ጋር አያምታታውም። (ባልትና ዕውቀት አይደለም ማለት አይደለም፤ እርሾ የምትጠብቅ ሴት ከኬሚስትሪ ብዙም አልራቀችም።) «የቤተሰብ ሳይንስ» ግን የተነጠቀውን ነገር ስም ይዞ በቦታው ይቀመጣል። ልጃገረዶቹ በስሙ አልተታለሉም።

የተነጠቀውም ቀላል አልነበረም። በ1924 ወደተከፈተው የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት ሳይንስ ያልተማረች ልጅ ልትገባ አትችልም። ኻልዳ ዛሂርና ዛሩሂ ሳርኪስያን በ1952 ከዚያ ሲመረቁ በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች ሆኑ። ኻልዳ ለዚህ የበቃችው በካርቱሙ ዩኒቲ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተምራ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ መንገድ ነበር። ለብዙኃኑ ተስፋው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፤ የአድማው ክብደትም ከዚህ ይመነጫል።

ፋጢማ ራሷ ሳይንቲስት አልሆነችም። ከክፍል ውጭ የግድግዳ ጋዜጣ ታዘጋጅ የነበረችው ተማሪ በ1965 የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። በማግሥቱ ዓመት የባቢክር በድሪ ልጅ ዩሱፍ በድሪ በዚያው በኦምዱርማን የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ በ23 ተማሪዎች ከፈቱ። በአሕፋድም «የቤተሰብ ሳይንስ» የተባለ ክፍል ነበረ፤ ተማሪዋ ግን ወደዚያ የምትገባው መርጣ ነበር። የሕክምናው ክፍል የተከፈተው በ1990 ነው።