የጠላ ጋን

ጋን ከሸክላ የሚሠራ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ ግርጌው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ትልቅ የመጠጥ መጥመቂያና ማስቀመጫ ዕቃ ነው። ከእንስራ በብዙ ይበልጣል። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ ጠላ ከጥንስሱ እስከሚጠጣበት ቀን ድረስ የሚቆየው በጋን ውስጥ ነው። ጠላው የሚበላሽባቸው ዋና ዋና ምክንያቶችም ከዕቃው ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እነርሱም አየር መግባት፣ የጽዳት ጉድለት፣ ቅዝቃዜ፣ ማንጠብና የአተላ መደፍረስ ናቸው።

አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽ የሚጠፋው መጠጡ ብቻ አይደለም። እህሉ፣ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶውና የብዙ ቀን ድካም አብሮ ይጠፋል። ጠላ ሸጠው ለሚተዳደሩ ሴቶች ይህ የሳምንት ገቢ ነው። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለማኅበር ወይም ለሰንበቴ የተጠመቀ ከሆነ ደግሞ እንግዳ በሚመጣበት ቀን የሚደርስ ጉዳት ነው።

ቅርጽና አሠራር

ጋን ከጭቃ በእጅ ተገንብቶ፣ ደርቆ፣ በእሳት ይተኮሳል። የሸክላ ሥራ በአካባቢው በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በኅብረተሰቡ ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ዘመቻዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት፣ በጎንደር ዙሪያ ከታወቁት ሸክላ ሠሪዎች መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ይገኙበታል።

የጋን ግርጌ ጠባብ ወይም ክብ ስለሆነ በደልዳላ ወለል ላይ ብቻውን ጸንቶ አይቆምም። ስለዚህ ወለሉ በጥቂቱ ተቆፍሮ ይቀመጣል፤ ወይም ዙሪያውን በድንጋይ ይደገፋል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትልቁም ትንሹን እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ሲሆን፣ የመጣው ከዚሁ የቤት ውስጥ ልማድ ነው። ድጋፉ ከላላ ሙሉ ጋን በራሱ ክብደት ያዘነብላል፤ አንዴ ከተሰነጠቀም ለጠላ አይሆንም።

አጠማመቅ

ጋኑ በመጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል። ከዚያ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የወይራ ጭስ ለጠላው የታወቀ ሽታና ጣዕም ይሰጠዋል፤ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ የቀሩ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል።

የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውሃና ከጥቂት ብቅል ጋር ተደባልቆ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ይባላል። በመቀጠል የተቆራረሰ ቂጣ፣ ተጨማሪ ብቅልና የጌሾ እንጨት ይገባል። የተቆላ ዱቄት በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የሚበስለው እንኩሮም ሲጨመር ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ጋኑ በውሃ ይሞላና አፉ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳይጠልል የሚቀዳው ጉሽ ይባላል። ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ደግሞ ቅራሪ ነው። የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል።

የብቅሉ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ። እርሾ፣ በተለይ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ለጠላው መጠነኛ ኮምጣጣነት ይሰጣል። እርሾ ከውጭ ስለማይጨመር ሥራውን የሚጀምሩት በብቅሉ፣ በጌሾውና በጋኑ ግድግዳ ላይ ያሉ ተሕዋስያን ናቸው። በዚህ ምክንያት የጋኑ ንጽሕና ከሌላው ሁሉ የበለጠ ውጤቱን ይወስናል።

የጋን ችግሮች

መኮምጠጥ። በጣም የተለመደው ብልሽት ይህ ነው። አሴቶባክተርን የመሳሰሉ የአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አልኮልን ወደ ኮምጣጤ አሲድ የሚለውጡት አየር ሲያገኙ ነው። መብላላቱ በሚበረታበት ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጠላው በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሞልቶ አየርን ያስወጣል። መብላላቱ ሲበርድ ግን ይህ መከላከያ ይዳከማል። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ አየር ይገባል። ጋኑ ተከፍቶ መቀዳት ሲጀምርም በእያንዳንዱ ቅዳት ልክ አየር ይተካል። ግማሽ የደረሰ ጋን ከሙሉው ቶሎ የሚኮመጥጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለትንሽ ቤተሰብ ከአንድ ትልቅ ጋን ይልቅ በሁለት አነስተኛ ዕቃ ጠምቆ በየተራ መክፈት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ጽዳት። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ቀድሞ የኮመጠጠ ጠላ በውስጣቸው ስለሚቀር ቀጣዩን ጥንስስ ይበክላል። እጥበቱ ሽታውን ካላጠፋው ጋኑን በደንብ ፀሐይ ላይ ማድረቅና ደጋግሞ ማጠን ያስፈልጋል። በሙቅ ውሃ ብቻ መተማመን አይበቃም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጋን ውስጥ ሲፈስም ወዲያው ይቀዘቅዛል። በተጨማሪም የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ሸክላ ላይ በድንገት ከፈሰሰ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ማንጠብ። አዲስ ጋን ሳይሟሽ ከተጠመቀበት ፈሳሽ ወደ ውጭ ያሰርጋል። ማሟሸት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ የጭቃ ጣዕምንም ያስወግዳል።

ቅዝቃዜ። እርሾ በብርድ ይዘገያል። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጉና ተራራ ዙሪያ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት ሌሊቱ ብርዳማ ነው። ከሸክላው የሚተነው እርጥበትም የጋኑን ሙቀት ይቀንሳል። ይህ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ ጥቅም ሲሆን በደጋው ግን ጉዳት ነው። መብላላቱ ሲዘገይ አልኮሉና አሲዱ መጠጡን ለመጠበቅ የሚበቃ መጠን ላይ ሳይደርሱ ሌሎች ተሕዋስያን ጊዜ ያገኛሉ። ነሐሴ 13 ለሚከበረው የደብረ ታቦር (ቡሄ) በዓል የሚጠመቀው ጠላ በክረምቱ ብርድ ላይ የሚውል ነው። መፍትሔው ጋኑን ወደ ምድጃ ማስጠጋት፣ በጨርቅ ወይም በገለባ መሸፈንና የጥንስሱን ቀን አስቀድሞ መጀመር ነው።

መደፍረስ። ድፍድፉ ከጠላው ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ይቆያል። ጠባቡ ግርጌ አተላውን ይሰበስበዋል፤ ነገር ግን ከታች መክፈቻ ስለሌለው ለብቻው ማውጣት አይቻልም። ጠላው የሚቀዳው ከላይ ስለሆነ ቅሉ በጠለቀ ቁጥር የረጋው አተላ ይታመሳል።

ፕላስቲክና ብረት

በከተማ ብዙ ጠማቂዎች ከጋን ወደ ፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ዞረዋል። ፕላስቲክ አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ አያንጠባጥብም። ይሁን እንጂ የራሱ ችግር አለው። በወይራ ጭስ በጋለ ሁኔታ ማጠን ስለማይቻል የጭሱ ጣዕም ይጎድላል። በሻካራ ነገር ሲፋቅ የሚፈጠረው ጭረት እንደ ሸክላው ቀዳዳ ተሕዋስያንን ይደብቃል። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነና ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃው ሊያብጥና ሊፈነዳ ይችላል፤ በጋን ላይ ግን ጋዙ በጭቃው ምርጊት ስንጥቅ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ቀድሞ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን በርሜል ለመጠጥ ማዋል ነው፤ ኬሚካሉ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ በእጥበት አይለቅም።

ዚንክ የተቀባ ብረትም ለጠላ አይሆንም። የመጠጡ አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል። ተራ ብረት ደግሞ ይዝጋል።

ከሾጣጣ ማብላያ ጋር ሲነጻጸር

የቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ ላዩ ሲሊንደር ግርጌው ሾጣጣ የሆነ ታንክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሊዮፖልድ ናታን የተፈለሰፈ ነው። ዓላማው ዝቃጩን በሾጣጣው ጫፍ ሰብስቦ ቢራው ሳይነካ ከታች ባለው መክፈቻ ማስወጣት ነው። ይህ ጋን የማይችለውን ሥራ ይሠራል።

በሌሎች አገሮች ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች የዚህን ታንክ ትናንሽ ቅጂዎች ይጠቀማሉ። ታንኩ ሲያንስ ግን ችግሩ ይጨምራል። የሾጣጣው ግድግዳ በቂ ቁልቁለት ከሌለው ዝቃጩ ሳይወርድ ይለጠፋል። ጠባቡ መክፈቻ በወፍራም ዝቃጭ ይደፈናል፤ በውስጡ የሚቀረው ቅሪትም ለቀጣዩ ጥምቀት የብክለት ምንጭ ይሆናል። ከታች ሲቀዳ በላይ ባለው ቀዳዳ አየር ይሳባል። ትንሽ ዕቃ ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቶሎም ይሞቃል። ጠላን በእንዲህ ያለ ዕቃ ለመጥመቅ ከታሰበ የቂጣው፣ የእንኩሮውና የጌሾው ቁርጥራጭ መክፈቻውን ስለሚዘጋ ድፍድፉን አስቀድሞ ማጥለል ግድ ይላል።

ኮረፌ

በቀድሞው የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ በተለይ በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው ኮረፌ ለአንዳንዶቹ ችግሮች ሌላ መልስ ይዟል። የተፈተገ ገብስ ውሃ ውስጥ አድሮ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ከውሃና ከደረቀ ጌሾ ጋር በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ሦስት ወር ይብላላል። መጠጥ ሲፈለግ ከድፍድፉ ጥቂት ተወስዶ ውሃ ይጨመርበትና ለአንድ ቀን ተብላልቶ ይጠጣል። የሚቀመጠው ቀጭኑ መጠጥ ሳይሆን ወፍራሙ ድፍድፍ ስለሆነ ለመጠጥ የተዘጋጀው ሳይቆይ ያልቃል፤ ግማሽ ደርሶ የሚኮመጥጥ ጋንም አይኖርም።