ፔፐር ማሪዮ፦ እንደ ተረት መጽሐፍ የሚነበብ ጨዋታ

የቪዲዮ ጌም ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን የተኩስ ድምፅና የልጆች ጩኸት ነው። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ከዚያ ወገን አይደለም። ኢንተለጀንት ሲስተምስ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለኒንተንዶ 64 የሠራው ፔፐር ማሪዮ ከጨዋታነቱ ይልቅ ተረትነቱ ያመዝናል። በጃፓን በ2000 ሲወጣ ስሙ ራሱ «ማሪዮ ስቶሪ» ነበር፤ አሜሪካና አውሮፓ የደረሰው በ2001 ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ነው። ስኩዌር የተባለው ድርጅት በዚያ ዓመት ከኒንተንዶ ጋር ሆኖ ሱፐር ማሪዮ አርፒጂን አወጣ። አርፒጂ የሚባለው፣ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይዞ በረጅም ታሪክ ውስጥ እየተጓዘ ጉልበቱን ቀስ በቀስ የሚያሳድግበት የጨዋታ ዓይነት ነው። በጥንታዊው መልኩ ውጊያው እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ ተራ በተራ ነው። ስኩዌር ብዙ ሳይቆይ ፊቱን ወደ ሶኒ ፕሌይስቴሽን ስላዞረ ተከታዩ ሥራ ለኢንተለጀንት ሲስተምስ ደረሰ። ዘመኑ ጨዋታ ሠሪው ሁሉ ሥዕሉን ጥልቀት ያለው ለማስመሰል የሚሽቀዳደምበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ገጸ ባሕርያቱን ከወረቀት ተቆርጠው እንደወጡ ጠፍጣፋ አድርገው አቆሟቸው። ማሪዮ ፊቱን ሲያዞር ወረቀት ሲገለበጥ ይታያል።

ታሪኩ የሚከፈተው መጽሐፍ ተገልጦ ነው። ባውዘር የተባለው የኤሊዎቹ ንጉሥ የሰውን ምኞት የሚፈጽመውን የኮከብ በትር ይሰርቃል፤ 7ቱን የኮከብ መናፍስት ያስራል፤ የልዕልት ፒችንም ቤተ መንግሥት ከነሰዉ ወደ ሰማይ ያነሣዋል። ማሪዮ ገና በመጀመሪያው ውጊያ ተሸንፎ ከመስኮት ይወረወራል፤ ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ ይህን ሽንፈት አያስቀረውም። ከዚያ 8 ምዕራፎች ይከተላሉ። በምዕራፎቹ መካከል ደግሞ ተጫዋቹ እስረኛዋን ልዕልት ይሆናል፤ ከዘበኞች ተደብቃ የባውዘርን የግል ማስታወሻ ደብተር እስከ ማንበብ ትደርሳለች። አዳኟን ቁጭ ብላ ከምትጠብቅ ልዕልት ይህቺ ትሻላለች።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው 3ኛው ምዕራፍ ነው። ተባ ብላባ የተባለ መናፍስት የሚበላ ግዙፍ ፍጡር አለ፤ ቢመቱት አይጎዳም። ምክንያቱ በኋላ ይገለጣል፦ ልቡ ከሰውነቱ ተለይቶ ሌላ ቦታ ተደብቋል። ይህ ከብዙ አገር ተረት ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ የሩሲያው ኮሼይም ሞቱን ከራሱ ውጭ አርቆ ይሸሽጋል። የጨዋታው ደራስያን ይህን የጥንት ነገር ወስደው ከውጊያው ሕግ ጋር ማዋሐዳቸው ያስደንቀኛል። ቁጥር ብቻ የነበረው «አይጎዳም» ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ስለ ቁጥር ካነሣን አይቀር፣ በ1997 የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 የጀግኖቹን ጉልበት እስከ 9,999 ይቆጥራል። ማሪዮ የሚነሣው ግን በ10 የልብ ነጥብ ነው። ጉምባ የሚባለው ደካማ ጠላት ያለው 2 ነው። ዘሎ ሲያርፍበት 1 ይቀንስበታል፤ ባረፈበት ቅጽበት ቁልፉ ከተጫነ ደግሞ ሌላ 1 ይጨመርና ጉምባ ያበቃለታል። ጠላት ሲመታም በሰዓቱ የተጫነ ቁልፍ ከጉዳቱ 1 ይቀንሳል። እሾህ በለበሰ ጠላት ላይ መዝለል ራስን ማቁሰል ነው፤ በአየር የሚበረውን ደግሞ መዶሻው አይደርስበትም። 100 የኮከብ ነጥብ ሲሞላ ማሪዮ አንድ ደረጃ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ከ3 ነገሮች አንዱን ብቻ ይመርጣል። ቁጥሩ ሁሉ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ሕፃን ልጅም የመረጠው ምርጫ ምን እንዳስከተለ ያየዋል።

ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ ነው፤ አማርኛ ደግሞ የለውም። ለእኅቴ ልጅ እየተረጎምሁ ሳነብለት ብዙም አልተቸገርሁም። ጉምባሪዮ የተባለው ጓደኛ ስለ እያንዳንዱ ጠላት ወሬ የማቀበል ችሎታ አለው፤ ለዚህ ሥራው «ማሳበቅ» ከሚለው ቃላችን የሚስማማ አላገኘሁም። ልጁም ቃሉን ወዶት በየውጊያው «ያሳብቅ! ያሳብቅ!» ይል ነበር።

በ2004 የወጣው ሁለተኛው ክፍል፣ የሺህ ዓመቱ በር፣ ይህንኑ መንገድ አስፍቶ ሄደ። በ2012 በወጣው ስቲከር ስታር ግን ነገሩ ተለወጠ። ፕሮዲውሰሩ ኬንሱኬ ታናቤ ኒንተንዶ ራሱ ባወጣው ቃለ ምልልስ እንደተናገሩት፣ የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ ለመሆኑ ታሪክ ያስፈልገዋል ወይ ብለው ጠይቀው ነበር፤ ገጸ ባሕርያቱም በተቻለ መጠን ከማሪዮ ዓለም ብቻ እንዲሆኑ አሳስበዋል። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ ጠፉ፤ የኮከብ ነጥቡም ቀረ። ከውጊያ የሚገኘው ሳንቲምና ስቲከር ብቻ ስለሆነ ብልህ ተጫዋች ውጊያን መሸሽ ጀመረ። ሚያሞቶን የሚያህል ሰው መተቸት ድፍረት ቢመስልም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ታሪኩን ጌጥ አድርገው መቁጠራቸው ነው ጉዳቱን ያመጣው። በ2024 የሺህ ዓመቱ በር ለስዊች ታድሶ ሲወጣ ጓደኞቹም ነጥቡም እንደነበሩ ተመልሰዋል።

የመጀመሪያውን መሞከር የሚፈልግ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ በኒንተንዶ ስዊች ኦንላይን ከፍተኛው የደንበኝነት ክፍያ ውስጥ ያገኘዋል። ልጁ ገና ማንበብ ያልጀመረ ወላጅ አብሮ ይቀመጥ፤ ጽሑፉ ብዙ ነው።