ሌቦች ያስታወሷቸው ሁለት ሙዚቀኞች

ሲልቨር አፕልስን መጀመሪያ የሰማሁት በተሰረቀ ካሴት ነው። በ1989 ዓ.ም. ገደማ ከጀርመን የመጣ አንድ ወዳጄ ገልብጦ አመጣልኝ፤ ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው ስም በቀር ምንም አልነበረበትም። ከበሮ ሰማሁ። ከከበሮው ሥር ጄኔሬተር ይሁን ጣቢያ የሳተ ራዲዮ የማይለይ ድምፅ ያጉረመርማል። ጊታር የለም፣ ኦርጋን የለም። የጊዜው የኮምፒዩተር ሙዚቃ ነው ብዬ ደመደምኩ። ወዳጄ በ1968 የተቀረጸ ነው ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ሲሚየን ኮክስ ኦቨርላንድ ስቴጅ ኤሌክትሪክ ባንድ የሚባል የሮክ ቡድን ድምፃዊ ነበር። አንድ ቀን ኦሲሌተር፣ ማለትም መሐንዲሶች ለፍተሻ የሚገለገሉበትን የድምፅ ሞገድ አመንጪ፣ ይዞ መድረክ ወጣ። ዕቃው የ1940ዎቹ አሮጌ ነው። የቡድኑ ጊታር ተጫዋቾች አልወደዱለትም፤ አንድ በአንድ እየለቀቁ ሄዱና በ1967 ከበሮ መቺው ዳኒ ቴይለር ብቻ አብሮት ቀረ። ሁለቱም ስማቸውን ከአየርላንዳዊው ባለቅኔ ከዬትስ ግጥም ወሰዱ። የብር ፖሞች እንደ ማለት ነው።

ሲሚየን ኦሲሌተሮቹን እየደረደረ የራሱን መሣሪያ ሠራ። በመጀመሪያው ሸክላቸው ላይ እንደተገለጸው ዘጠኝ ኦሲሌተሮችና 86 መቆጣጠሪያዎች ነበሩት፤ በእጅም በክርንም በእግርም ይነካካዋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ከመድረክ መድረክ መዞርን አስቡት! ዳኒ በበኩሉ ከበሮዎቹን ከኦሲሌተሮቹ ቃና ጋር እንዲስማሙ አድርጎ ይቃኛቸው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማሽኑ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ያንን ጩኸት ሙዚቃ ያደረገው የዳኒ ከበሮ ነው።

ካፕ ሬኮርድስ የመጀመሪያውን ሸክላ በ1968፣ «ኮንታክት» የተባለውን ሁለተኛውን በ1969 አወጣላቸው። መዘዙ የመጣው ከሁለተኛው ሽፋን ነው። ከፊት ሁለቱ በፓን አሜሪካን አይሮፕላን የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። ሽፋኑን ገልበጥ ሲያደርጉት ደግሞ በተከሰከሰ አይሮፕላን ስብርባሪ መካከል ናቸው። አየር መንገዱ ከሰሰ፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ደስ አይለኝም። ሸክላው ከመደብር ተሰበሰበ። ሦስተኛ ሥራቸውን ቀርጸው ሳይታተም ቀረ፤ ቡድኑም በ1970 ፈረሰ። ሲሚየን ወደ አላባማ ሄዶ ከጊዜ በኋላ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ሆነ። ከዳኒ ጋር ተጠፋፉ።

እነዚያ ሁለት ሸክላዎች ግን በጥቂት ሰዎች ቤት ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸውን አላቆሙም። በ1994 ጀርመን ውስጥ ያለ ፈቃድ በሲዲ ታተሙ። ለባለቤቶቹ ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ሰው የለፋበትን ሙዚቃ ገልብጦ የሚሸጥን ሌባ ማለት ይቀናኛል፤ የኛም ድምፃውያን በካሴት ገልባጮች ስንቴ አልቅሰዋል። እዚህ ላይ ግን ምላሴ ይያዛል። ምክንያቱም በዚያ ሲዲ የተነሣ ሲሚየንን የሚፈልጉት በዙ፤ በ1996 በ58 ዓመቱ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1998 ዳኒም ተገኘ። ያልታተመው የሦስተኛው ሥራ ቴፕ በሱ ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል! «ዘ ጋርደን» ተብሎ በዚያው ዓመት ወጣ።

ደስታው አልሰነበተም። እንደገና አብረው መጫወት በጀመሩበት በዚያው በ1998 ሲሚየን በመኪና አደጋ አንገቱ ተሰበረ። እሱ ሲያገግም ብዙ ዓመት አለፈ፤ ዳኒ ደግሞ በ2005 ሞተ። ሲሚየን ከዚያ በኋላ የዳኒን ከበሮ ከተቀረጸ ድምፅ እያወጣ፣ ኦሲሌተሮቹን እየነካካ፣ ብቻውን ሁለት ሆኖ ይጫወት ነበር። የእንግሊዞቹ ፖርትስሄድን የመሰሉ ስመ ጥር ቡድኖች ከሱ መማራቸውን በአደባባይ መሰከሩለት። በመስከረም 2020 በ82 ዓመቱ አረፈ። የከሰሳቸው ፓን አሜሪካን ከሱ 29 ዓመት ቀድሞ፣ በ1991 ከስሮ ተዘግቷል።

«ዘ ጋርደን»ን ዘግይቼም ቢሆን በገንዘቤ ገዝቻለሁ። ወዳጄ የሰጠኝ ካሴትም አለ፤ ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ በፕላስተር ቀጥዬዋለሁ። የተቀጠለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከበሮው አንድ ምት ይዘላል፤ ሲዲውን ስሰማም ጆሮዬ እዚያች ቦታ ላይ ዝላዩን ይጠብቃል።