ዱግሲና መዋዕለ ሕፃናት፦ በጅግጅጋና በአካባቢዋ የሕፃናት ትምህርት ከየት ተነሣ? የትስ ደረሰ?



ስለ “ቅድመ መደበኛ ትምህርት” ሲወራ ነገሩ ወደ ሶማሌ ክልል ገና አሁን የገባ አዲስ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። በሪፖርቶች ላይም ክልላችን ለዓመታት ከአፋር ጋር መጨረሻ አካባቢ ሲሰለፍ ቆይቷል። ነገር ግን በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ ወይም በሽኒሌ ሰፈሮች በማለዳ የሚያልፍ ሰው፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ ይሰማል። ታዲያ እነዚህ ልጆች ተማሪዎች ናቸው ወይስ አይደሉም? ዛሬ ይህን ጥያቄ ከታሪኩ ጀምረን እናያለን።

🔹 ፊደልን በልጁ ቋንቋ

ሶማሊዎች የቁርኣን ትምህርት ቤትን “ዱግሲ”፣ መምህሩን ደግሞ “መዓሊን” ይሏቸዋል። የዱግሲ ታሪክ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠሩት ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን ናቸው፤ ሕዝቡ “አው በርኸድሌ” በሚለው ስም ያውቃቸዋል። የኖሩት ከ700 ዓመታት በላይ በፊት እንደሆነ ይነገራል። መቃብራቸውም ከሐርጌሳ ብዙም ሳይርቅ በስማቸው በሚጠራው ቦታ ይገኛል።

እኚህ ሸይኽ የሚታወሱበት ትልቅ ሥራ አላቸው። ዐረብኛ የማያውቅ የሶማሊ ሕፃን “ፈትሓ፣ ከስራ፣ ደማ” ቢባል የሚሸመድደው ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ሸይኽ ዩሱፍ ለእነዚህ ምልክቶች የሶማሊኛ ስም ሰጧቸው። “አሊፍ ላ ኮር ዸበይ” ሲባል ምልክቱ ከላይ ነውና “አ” ይባላል፤ “ኮር” ላይ ማለት ነውና። “አሊፍ ላ ሆስ ዸበይ” ሲባል ምልክቱ ከታች ነውና “ኢ” ይሆናል፤ “ሆስ” ታች ማለት ነው። ሦስተኛዋ “አሊፍ ላ ጎዴይ” ደግሞ “ኡ” ናት። ሕፃኑ ዐይኑ የሚያየውን በእናቱ ቋንቋ እየሰማ ፊደሉን ያዘ ማለት ነው። እስከ ዛሬም በብዙ ዱግሲዎች ልጆች የሚጀምሩት በዚሁ ዜማ ነው።

የዘመናችን የትምህርት ባለሙያዎች “ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጀምር” ይላሉ። የእኛ ሸይኽ ይህንኑ በሥራ ያሳዩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።

🔹 ከሰፈሩ ጋር የሚነሣ ትምህርት ቤት

ዱግሲ ብዙ ነገር አይፈልግም። ሉሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ፣ ከከሰል የሚዘጋጅ ቀለም፣ የመቃ ብዕርና የዛፍ ጥላ ይበቁታል። ልጁ የዕለቱን ትምህርት በሉሑ ላይ ይጽፋል፣ ደጋግሞ ይቀራል፣ ከያዘው በኋላ አጥቦ አዲስ ይጽፋል። አርብቶ አደሩ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ሲነሣ መዓሊኑም አብሮ ይነሣል። ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ከብት ወይም እህል ነበር፤ በከተማ ግን ወላጅ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ሆኗል።

በ1970 ዓ.ም በነበረው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጅግጅጋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ብዙ ነገር ፈርሷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ከሰሜን ሶማሊያ የሸሸው ሕዝብ ሐርትሼክን በዓለም ካሉ ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ አደረጋት። በዚህ ሁሉ መሐል ሕንፃ የሚጠብቀው ትምህርት ሲቋረጥ ሉሕ የያዘው ልጅ ግን ዛፍ ሥር ተቀምጦ መቀጠል ይችል ነበር። የዱግሲ ጥንካሬው ይህ ነው።

🔹 ባቡሩ ያመጣው መዋዕለ ሕፃናት

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት ወደ አገራችን የገባው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን የባቡር ባለሙያዎች ልጆች የተከፈተው ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽኒሌ በኩል አልፎ ድሬዳዋ ገባ። መዋዕለ ሕፃናቱ ግን ሐዲዱን ተከትሎ ወደ እነዚህ የሶማሊ ከተሞች አልተመለሰም። በንጉሡ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በጥቂት ከተሞች የተወሰነ የጥቂቶች ዕድል ነበር። በደርግ ዘመን በቀበሌዎች በኩል ቁጥሩ ጨመረ፤ ያም ቢሆን ከከተማ ብዙም አልወጣም።

የፊደሉን ነገርም አስተውሉ። በንጉሡ ዘመን የመንግሥት ትምህርት ቤት ቋንቋ አማርኛ ነበር። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ሶማሊኛ ከ15ቱ የዘመቻው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነበር። ከድንበር ማዶ በሶማሊያ ደግሞ ከ1965 ዓ.ም ጀምሮ ሶማሊኛ በላቲን ይጻፍ ነበር። ከ1986ቱ ፖሊሲ በኋላ የእኛም ትምህርት ቤቶች ሶማሊኛን በላቲን ማስተማር ያዙ። በአንድ ቤት ውስጥ አያት በዐረብኛ ፊደል፣ አባት በግዕዝ፣ ልጅ በላቲን ፊደል ቆጠሩ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ሳይቀየር ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው የዱግሲው አሊፍ ነው።

🔹 ፖሊሲው ምን አለ?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን በሁለንተናው ለመደበኛ ትምህርት እንደሚያዘጋጅ ደነገገ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትም በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራ ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለማኅበረሰብና ለድርጅቶች ተተወ። ውጤቱም ግልጽ ነበር፤ እስከ 2002 ዓ.ም ድረስ በአገር ደረጃ ከመቶ ሕፃናት ዐሥሩ እንኳ ቅድመ መደበኛ አልገቡም ነበር።

በ2002 ዓ.ም ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ አንድ ማዕቀፍ አወጡ። ከመዋዕለ ሕፃናት ሌላ ሁለት መንገዶችም ተጨመሩ። አንዱ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚከፈተው “ኦ ክፍል” ሲሆን፣ ሌላው ታላላቅ ተማሪዎች ታናናሾችን የሚያለማምዱበት “ልጅ ለልጅ” የተባለው ነው። ከዚያ ወዲህ የተመዝጋቢው ቁጥር በአገር ደረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አደገ። በ2015 ዓ.ም የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛን የትምህርት እርከኑ መጀመሪያ አደረገው፤ ከዚያ ስድስት፣ ሁለትና አራት ዓመታት ይከተላሉ።

ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ “ኦ ክፍል” በብዙ ቦታ ትርፍ ክፍልና ለሕፃናት ያልሠለጠነ መምህር የተሰጠው የአንደኛ ክፍል ግልባጭ ሆኗል። ሁለተኛ፣ የከተማው የግል መዋዕለ ሕፃናት አቅም ላለው ብቻ ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ላይ እንግሊዝኛ መጫንንም እንደ ጥራት ይቆጥራል። ሦስተኛውና ለእኛ ዋናው፣ ዱግሲ በእነዚህ መንገዶች ውስጥ ስም የለውም። ሁለት ዓመት ዱግሲ የተቀመጠ ልጅ መስማት፣ መሸምደድ፣ ተራ መጠበቅና ብዕር መያዝ ተምሯል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ግን ምንም እንዳልተማረ ይቆጠራል።

🔹 የራሳችንን ቤትም እንመልከት

ፍትሕ ያለው ሰው ሌላውን ብቻ አይወቅስም። በአንዳንድ ዱግሲዎች ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ጠባብ ቤት ይታፈናል። ቁጥር አይማሩም፣ ጨዋታ እንደ ጥፋት ይታያል፣ አለንጋው ከግድግዳው አይወርድም። አንዳንዱ ይህን “የአባቶቻችን ሥርዓት ነው” ይላል። አባቶቻችንስ ምን አሉ?

የቀይረዋኑ ኢብን ሰሕኑን፣ እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉት ዓሊም፣ ስለ ሕፃናት መምህራን ሥነ ምግባር ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። በዚያም ውስጥ ለመምህሩ እጅ ወሰን አበጁለት፤ ቅጣትን ከሦስት ምት እንዳያልፍ ገደቡ፣ በቁጣ መምታትንም ከለከሉ። ኢብን ኸልዱን ደግሞ በሙቀዲማቸው፣ በጭካኔ ያደገ ልጅ ንቃቱን አጥቶ ወደ ስንፍና፣ ወደ ውሸትና ወደ ማስመሰል እንደሚገፋ አስጠንቅቀዋል። የመግሪብ ሰዎች ሕፃኑን በቁርኣን ብቻ ሲያቆዩት፣ አንዳሉሶች ግን ጽሕፈትንና ቋንቋን አብረው እንደሚያስተምሩ አነጻጽረዋል። “ከቁርኣኑ ጋር ሌላም ይማር ወይ?” የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣብን አይደለም ማለት ነው። ዑለማዎቻችን ከ600 ዓመታት በፊት የተወያዩበት ነው።

🔹 መንገድ አለ

በኬንያ ሞምባሳ የሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ወደ ኋላ መቅረታቸው አሳስቧቸው ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአጋ ኻን ፋውንዴሽን ድጋፍ የመድረሳ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ተጀመረ። ሥራውን የመሩት የአካባቢው ሙስሊም ሴት መምህርት ነበሩ። ከሰፈሩ ሴቶች መምህራን ሠለጠኑ፤ መጫወቻና መቁጠሪያ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር ተሠራ፤ ቁርኣኑም አልተነካም። በኋላም ወደ ዛንዚባርና ወደ ኡጋንዳ ተስፋፋ።

በእኛም አገር ይህ የሚከብድ አይደለም። ከመንግሥት የምንጠብቀው ዱግሲን እንዲወርስ ወይም እንዲዘጋ አይደለም። እንዲቆጥረው፣ ለፈቃደኛ መዓሊኖች አጭር ሥልጠና እንዲሰጥ፣ የዱግሲ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ የያዘውን ዕውቀት እንዲያውቅለት ነው። ከራሳችን የምንጠብቀው ግን ይበልጣል። መዓሊኑ ወር ጠብቆ የሚያገኘው የታወቀ ክፍያ ይኑረው። የልጁ ቁጥር በመምህሩ አቅም ልክ ይሁን። አለንጋው ይውረድ። ከቁርኣኑ በኋላ በቀን ግማሽ ሰዓት ቁጥርና የሶማሊኛ ፊደል፣ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ጨዋታ ይኑር።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ የእናንተ ነው። በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም በመምህራን ኮሌጅ የምትማሩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ሰፈራችሁ ዱግሲ ሂዱ። መዓሊኑን በአክብሮት አስፈቅዱ፤ እሱን ለማረም ሳይሆን ለማገዝ ግቡ። የምትነግዱ ደግሞ አምስት ሆናችሁ የአንድ መዓሊን ወርሃዊ ወጪ ተካፈሉ። ወላጆችም “ዱግሲ ወይስ መዋዕለ ሕፃናት?” እያሉ ልጃቸውን ለሁለት ከመጎተት ይድናሉ።

አው በርኸድሌ የዐረብኛውን ፊደል ለሶማሊው ሕፃን ሲያቀልሉ ከፊደሉ ያጎደሉት ነገር አልነበረም። የቀየሩት የማስተማሪያውን መንገድ ነው። የእኛም ድርሻ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዒልም ይስጣቸው፤ ለመዓሊኖቻችንም ድካማቸውን በመልካም ይመንዳቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።