«ገባ» የሚለው ግስ በቢቸናና በሞጣ ታሪክ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ጊቭ» ማለት ሰጠ ማለት ነው፤ «አፕ» የምትባል ትንሽ ቃል ስትጠጋው ግን እጁን ሰጠ፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ተወ ማለት ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን ስንማር ቋንቋው እኛን ለማስቸገር የተፈጠረ ይመስለናል። ነገር ግን የራሳችንን «ገባ» ብንመረምር ከዚያ የባሰ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው ቤት ይገባል፤ ቃል ይገባል፤ በሰው ነገር ጣልቃ ይገባል፤ ትምህርቱም ይገባዋል። (ገባር ግን ከገበረ የወጣ ነውና ዘመዱ አይደለም።)

በምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ውስጥ ደግሞ ይኸው ግስ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም ይዞ ይገኛል። «ለመንግሥት ገባ» የተባለ ሰው ታዛዥ ሆኗል፤ «ዱር ገባ» የተባለው አምጿል።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በያዘ ጊዜ በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል ዱር ገብተው እስከ 1933 ዓ.ም. ተዋጉ። ያን ጊዜ «ዱር ገባ» የምስጋና ቃል ነበረ፤ ነቀፌታው «ለጠላት ገባ» በሚለው ላይ ነበረ። ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው ተሾሙ። ጥቂት ቆይቶ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ሸፈቱ፤ እጃቸውን ሰጥተው ታሰሩ፤ ከእስር አምልጠውም ተያዙ፤ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ሰውም ያው፣ ግሱም ያው ሲሆን የፊተኛው ሹመት፣ የኋለኛው ገመድ አስገኘ። እኛ እንደሚመስለን ይህን የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት አይገኝም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ገማቾቹን አናስገባም አሉ። (ይህም ያው ግስ ነው።) ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ገማች ከገባ ቀላድ ይከተላል፣ ቀላድ ከተጣለም ርስት ይጠፋል ብለው ፈሩ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ እንዲነሡላቸውም ጠየቁ። መንግሥት ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ላከ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ቤትም ተቃጠለ። በመጨረሻው ገዥው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ የቆየው ውዝፍ ተማረ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ገበሬውም ወደ ቤቱ ገባ። ለመንግሥት ገባ እንዳንል ግብሩን አልከፈለም፤ ዱር ገባ እንዳንል እርሻው ላይ ነው።